ቁልቁለት ሲወርዱም የሚረገጥ ብስክሌት፦ ‘ፊክሲ’ ምንድን ነው? ፍሬን አልባነቱስ ለምን ያከራክራል?

ቁልቁለት ለብስክሌተኛ የዕረፍት ጊዜ ነው። ዳገቱን በላብ የጨረሰ ሰው እግሩን ፔዳሉ ላይ አሳርፎ፣ ነፋሱን በፊቱ እየተቀበለ፣ ብስክሌቱ ራሱ ይዞት እንዲወርድ ይተወዋል።

‘ፊክሲ’ በመባል በሚታወቀው የብስክሌት ዓይነት ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት የለም። የኋላው ጎማ እስከተሽከረከረ ድረስ ፔዳሉም ይሽከረከራል፤ ፔዳሉ ከዞረ ደግሞ እግር አብሮ መዞሩ ግድ ነው። ብስክሌቱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቁልቁል ከወረደ በተለመደው የማርሽ ምጣኔ የነጂው እግር በደቂቃ 140 ጊዜ ገደማ ይዞራል። ፍጥነቱን መቀነስ የፈለገ ነጂም ወደፊት የሚገፋውን ፔዳል በእግሩ ጉልበት መታገል ይኖርበታል።

ይህ ሁሉ ለብዙ ሰው ጉድለት ይመስላል። ለወዳጆቹ ግን የብስክሌቱ ውበት ራሱ ነው። ከቶኪዮ እስከ ለንደን፣ ከኒው ዮርክ እስከ በርሊን የድሮ ብስክሌት አካል ፈልገው፣ ቀለሙን ፍቀው፣ ጎማና ማርሹን በምርጫቸው ገጥመው በገዛ እጃቸው የሚሠሩት ብዙዎች ናቸው። አንዳንዶቹ ያለ ፍሬን ነው የሚነዱት። ይህ ልማድ ከፖሊስ ጋር አጋጭቷቸዋል፤ ቢያንስ በአንድ አጋጣሚም የሰው ሕይወት ከጠፋበት አደጋ ጋር ተያይዞ ፍርድ ቤት ደርሷል።

አንድ ክፍል ሲጎድል

በተለመደው ብስክሌት የኋላ ጎማ መሐል ‘ፍሪዊል’ የሚባል ክፍል አለ። በውስጡ ያሉት ትንንሽ ጥርሶች ወደፊት ሲረገጥ ይያያዛሉ፤ እግር ሲያርፍ ይላቀቃሉ። ነጂው መርገጡን ሲያቆም የሚሰማው ‘ጠቅ ጠቅ’ የሚል ድምፅ የእነዚህ ጥርሶች ድምፅ ነው።

ፊክሲ ይህ ክፍል የለውም። የኋላው ማርሽ በቀጥታ ከጎማው ሞዞ ጋር ታስሯል። ቻይናውያን ፍሪዊልን ‘በራሪ’ በሚል ቃል ስለሚጠሩት ፊክሲን ‘የሞተ በራሪ’ ይሉታል። ከዚህ የተሻለ ገላጭ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

አሠራሩ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ጥንታዊ ነው። ፍሪዊል በስፋት ሥራ ላይ የዋለው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት ብስክሌቶች በአብዛኛው ጎማና ፔዳላቸው የተሳሰረ ነበር። ቱር ደ ፍራንስ እአአ በ1903 ሲጀመርም ዛሬ የምናውቀው የማርሽ መቀየሪያ አልነበረም። ከውድድሩ ተወዳዳሪዎች ብዙዎቹ በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ ማርሾች ይገጥሙ ነበር። ተራራው ሥር ሲደርሱ ከብስክሌቱ ይወርዱና ጎማውን ነቅለው፣ አዙረው መልሰው ያስሩታል። የውድድሩ አዘጋጆች የማርሽ መቀየሪያን የፈቀዱት በ1937 ነበር።

በቤት ውስጥና በክብ መም በሚካሄዱ የብስክሌት ውድድሮች ግን የተሳሰረው ማርሽ እስከ ዛሬ ቀጥሏል። በ1899 ሞንትሪያል ላይ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጥቁር አሜሪካዊው ሜጀር ቴይለር የነዳውም እንዲህ ያለ ብስክሌት ነበር። በመም ላይ ፍሬን የተከለከለ ነው። ሁሉም ተወዳዳሪ በአንድ አቅጣጫ፣ ጎማ ለጎማ ተጠጋግቶ ስለሚጋልብ፣ አንዱ በድንገት ፍሬን ቢይዝ ከኋላው ያሉት ሁሉ ይደረመሱበታል። በመንገድ ላይ አደጋ የሚሆነው ነገር እዚያ ጥንቃቄ ነው። የኋላው ውዝግብ ሁሉ ምንጩም ይኸው ነው፤ ለአንድ ቦታ የተሠራ መሣሪያ ወደ ሌላ ቦታ ተሻገረ።

ከመም ወደ ጎዳና

ያሻገሩት በዋናነት የኒው ዮርክ መልእክተኞች ናቸው። ኢሜይል ባልነበረበት ዘመን ውልና ሰነድ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው የሚያደርሱ ብስክሌተኞች በማንሃተን ጎዳናዎች ይራወጡ ነበር። ለእነዚህ ሠራተኞች የመም ብስክሌት ተስማሚ ነበር፤ የማርሽ መቀየሪያ፣ ሽቦና ተጨማሪ ክፍል ስለሌለው የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው። የክረምት ጨውና ጭቃም ብዙ አይጎዳውም። ክፍያቸው በሚያደርሱት ዕቃ ቁጥር ለሚሰላ ሰዎች ብስክሌቱ ጋራዥ የዋለበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው።

ከእነርሱ አንዱ የሃርለሙ ኔልሰን ቬይልስ ነበር። በመልእክተኛነት ሠርቶ፣ በ1984 የሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ በመም የፍጥነት ውድድር የብር ሜዳሊያ አግኝቷል። ከሦስት ዓመት በኋላ የከተማዋ ከንቲባ ኤድ ኮች ብስክሌት በሥራ ሰዓት ከማንሃተን ዋና ዋና ጎዳናዎች እንዲታገድ ቢወስኑም፣ መልእክተኞቹ መንገድ በመዝጋት ተቃውመው እገዳው በፍርድ ቤት ቆሟል። ፊክሲ የሙያ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የማንነት ምልክትም ወደ መሆን የተሸጋገረው በዚህ ዘመን ነው ማለት ይቻላል።

የብስክሌቶቹ መልክ ግን ብዙውን ጊዜ የሚቀዳው ከጃፓን ነው። በዚያች አገር በ1948 ኮኩራ ከተማ የተጀመረው ‘ኬሪን’ የተሰኘ የመም ውድድር፣ ተመልካች ገንዘብ የሚያስይዝበት ሕጋዊ ቁማር ነው። ገቢው ከጦርነቱ የወጡ ከተሞችን መልሶ ለመገንባት ይውል ነበር። ገንዘብ የሚያዝበት ውድድር ጥርጣሬን ስለሚጋብዝ፣ ተወዳዳሪዎቹ በውድድሩ ቀናት ከስልክና ከውጭው ዓለም ተለይተው ይቆያሉ። ብስክሌታቸውም በጥብቅ ቁጥጥር ሥር ነው። ቴላዮው፣ ማለትም የብስክሌቱ አጽም፣ ከብረት ቱቦ የተሠራ መሆን አለበት። ሠሪው የተመዘገበ የእጅ ባለሙያ መሆን ይኖርበታል፤ እያንዳንዱ ክፍልም ‘ኤንጄኤስ’ የሚል የፈቃድ ማኅተም ይታተምበታል።

ይህ ደንብ ዓለም ወደ አልሙኒየምና ወደ ካርቦን ሲሻገር የጃፓን ብረት ሠሪዎችን ከመጥፋት ታድጓቸዋል። በጣሊያን ከሳንቴ ፖሊያጊና ከኡጎ ዴ ሮዛ ዘንድ ሙያ የተማሩት ዮሺያኪ ናጋሳዋ በሠሩት ብስክሌት፣ ኮይቺ ናካኖ ከ1977 እስከ 1986 በተከታታይ ለአሥር ዓመታት የዓለም የፍጥነት ሻምፒዮን ሆነዋል። የኬሪን ተወዳዳሪዎች ያገለገለ ቴላዮ ሲሸጡ ከሳን ፍራንሲስኮ እስከ አውሮፓ ገዢ አያጡም። ማኅተሙን እንደ ጌጥ የሚፈልጉ ብዙ ናቸው። ቱቦው ላይ ያለ ጭረትና የወለቀ ቀለምም ዋጋውን ብዙ አይቀንሰውም፤ ተወዳዳሪው በእርግጥ የነዳው መሆኑን ይመሰክራልና።

በሥራ ጠረጴዛው ላይ

ፊክሲ ለመሥራት ሁለት መንገድ አለ። አቅም ያለው ለአካሉ ልክ አዲስ ቴላዮ ያሠራል። ሠሪው የደንበኛውን የእግር፣ የክንድና የጀርባ ርዝመት ለክቶ የቱቦዎቹን መጠንና ማዕዘን ይነድፋል። ከዚያ የሚላኖው ኮሎምበስ ወይም የእንግሊዙ ሬይኖልድስ የመሳሰሉት ኩባንያዎች የሚሠሩትን ስስ የብረት ቱቦ ቆርጦ፣ ጫፉን የሌላውን ቱቦ ክብነት እንዲይዝ አድርጎ ይሞርዳል። ቱቦዎቹን የሚያያይዘው በናስ ወይም በብር ቅልቅል ነው። ሙቀቱ ካነሰ ቅልቅሉ በስንጥቁ ውስጥ አይሰርግም፤ ከበዛ ስሱ ብረት ጥንካሬውን ያጣል። የባለሙያው ዓይን የሚጠብቀው በእሳቱ ሥር የሚለዋወጠውን የብረቱን ቀለም ነው።

አብዛኛው ሰው የሚመርጠው ግን ሁለተኛውን መንገድ ነው፤ የድሮ የመንገድ ብስክሌት መለወጥ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ ቀለም ወይም ስም አይደለም። ጥያቄው የኋላው ጎማ አክስል የሚገባበት ጉሮሮ ወዴት ያመለክታል የሚለው ነው። በዛሬዎቹ ብስክሌቶች ጉሮሮው ቀጥ ብሎ ወደታች ስለሚያይ ጎማውን ወደፊትና ወደኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም። በፊክሲ የሰንሰለቱን ውጥረት የሚያስተካክል ሌላ መሣሪያ ስለሌለ፣ ጎማው ወደኋላ ተስቦ ሰንሰለቱን መወጠር አለበት። ስለዚህ ጉሮሯቸው አግድም የሆኑት የቀደሙት ዘመናት ቴላዮዎች ተፈላጊ ናቸው። በሜዳ ጥግ ዝጎ የተጣለ የአያት ብስክሌት ድንገት ዋጋ የሚያወጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ የጥርስ ሒሳብ ይመጣል። ከፊት 48፣ ከኋላ 17 ጥርስ ያለው ማርሽ ከተመረጠ፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 2.82 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ በአንድ ዙር ወደ 5.9 ሜትር ይኬዳል። በደቂቃ 90 ጊዜ የሚረግጥ ሰው በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ዳገት የበዛበት ከተማ የሚኖር ሰው ከፊት ያለውን ጥርስ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ዳገቱን ያቀለለለት ምጣኔ ቁልቁለቱን እግር የማይደርስበት ያደርግበታል። አንድ ማርሽ ብቻ ያለው ሰው ለሁለቱም በአንድ ጊዜ መምረጥ አለበት።

ከኋላ 17 ጥርስ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያትም አለ። የፊክሲ ነጂዎች ለመቆም ሲፈልጉ ክብደታቸውን ወደፊት አዘንብለው፣ ፔዳሉን በእግራቸው ቆልፈው የኋላውን ጎማ ያንሸራትቱታል። እግር የሚቆለፈው ሁልጊዜ በሚመች አንድ አኳኋን ነው። ምጣኔው 48 ለ16 ቢሆን ጎማው ለእያንዳንዱ የፔዳል ዙር በትክክል ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ በመሆኑም በተንሸራተተ ቁጥር አስፋልቱን የሚነካው ያው አንድ ቦታ ነው፣ ጎማውም በአጭር ጊዜ እዚያው ላይ ተበልቶ ይቀደዳል። በ48 ለ17 ግን ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለማይካፈሉ መበላቱ በ17 የተለያዩ ቦታዎች ይከፋፈላል። አንዲት ጥርስ የጎማን ዕድሜ ታረዝማለች።

ሌላው ትንሽ የሚመስል ግን ሕይወት የሚያተርፍ ክፍል የኋላውን ማርሽ የሚቆልፈው ቀለበት ነው። ማርሹ በመደበኛው አቅጣጫ ጠምዝዞ ይታሰራል፤ ነጂው ወደኋላ ሲታገል ሊፈታ ይሞክራል። ስለዚህ ከላዩ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚጠበቅ ቀለበት ይደረግበታል፤ ማርሹ ሊፈታ ሲል ቀለበቱን ይበልጥ ያጠብቀዋል። ለዚህ ቀለበት በተዘጋጀ ሞዞ ፈንታ ተራ ሞዞ ላይ ማርሽ በሙጫ አጣብቀው የሚነዱ አሉ፤ የሚታመን ሥራ አይደለም። ማርሹ የፈታ ዕለት እግሩን ፍሬን ያደረገ ሰው ፍሬን አልባ ይሆናል።

የአዲስ አበባም ሆነ የአስመራ ጋራዥ ሠራተኛ ይህን ሁሉ ሲሠራ የሚጠራቸው ቃላት እንግዳ አይሆኑበትም። ‘ፍሬን’፣ ‘ማርሽ’፣ ‘ጎማ’፣ ‘ኩሽኔታ’፣ ‘ቸርኬ’ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው።

የነጂው ውሎ

ፊክሲ የሚነዳ ሰው ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ የመጀመሪያ ሥራው ሰንሰለቱን በጣቱ ገፋ አድርጎ ውጥረቱን ማየት ነው። ከላላ ከማርሹ ሊወጣ ይችላል፤ ከወጣ ደግሞ ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። ከዚያ የቀኝ እግሩን ሱሪ ይጠቀልላል። በተለመደው ብስክሌት ሱሪ ሰንሰለት ውስጥ ቢገባ መርገጥ ማቆም ይበቃል፤ በዚህ ግን ጎማው የያዘውን ጨርቅ መጎተቱን አያቆምም።

እግሩን ፔዳሉ ላይ በማሰሪያ ያስራል። እግር ከፔዳል ካመለጠ ብስክሌቱን የሚያቆመው ነገር የለም፤ እየተሽከረከረ ያለው ፔዳልም ቅልጥሙን ይመታዋል። በኩርባ ላይ ወደ ውስጥ ያለውን እግር ከፍ አድርጎ ማሳረፍም ስለማይቻል፣ ፔዳሉ መሬት ነክቶ ብስክሌቱን ሊያስፈነጥረው ይችላል። ለመም ተብለው የሚሠሩት ቴላዮዎች ፔዳሉን ከመሬት ከፍ የሚያደርጉትና የፔዳሉ ክንድ ብዙ ጊዜ 165 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው።

የትራፊክ መብራት ቀይ ሲሆን ብዙዎቹ እግራቸውን መሬት አያወርዱም። ፔዳሉ ወደኋላም ጎማውን ስለሚያዞር፣ ብስክሌቱን በጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደፊትና ወደኋላ እያወዛወዙ ባሉበት ሚዛናቸውን ጠብቀው ይቆያሉ። አላፊ አግዳሚው ትርዒት ይመስለዋል። ለነጂው ግን ማሰሪያውን ፈትቶ መልሶ ከማሰር የሚገላግል ዘዴ ነው።

ፊክሲ የሚወዱ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሱት ነገር ከመንገዱ ጋር ያለው ቀጥተኛ ግንኙነት ነው። ጎማው በእርጥብ አስፋልት ላይ መንሸራተት ሲጀምር እግር ቀድሞ ይሰማዋል። ሐሳቡን በሌላ ነገር ይዞ መንዳት አይቻልም፤ ሩቅ ማየት፣ የመኪናውን በር የሚከፍተውን ሰው አስቀድሞ መገመት፣ ፍጥነትን ቀስ በቀስ መቀነስ ግድ ይላል። በዚህ ረገድ ብስክሌቱ አስተማሪ መሆኑ አይካድም።

ማታ ሰንሰለት የሚጸዳበት ሰዓት ግን ከመንገዱ ይልቅ የሚያሰጋ ነው። ብስክሌቱን ገልብጦ ፔዳሉን በእጅ እያዞረ በጨርቅ የሚወለውል ሰው፣ ጨርቁ ከያዘ ጣቱ ከሰንሰለቱ ጋር ወደ ማርሹ ይገባል። የሚሽከረከረው ጎማ ጉልበት ስላለው እጅን ሳያሳልፍ አይቆምም። ጣታቸውን ያጡ አሉ።

እግር ፍሬን ይሆናልን?

ያለ ፍሬን የሚነዱ ሰዎች መከራከሪያቸው እግራቸው ፍሬን መሆኑ ነው። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። ብስክሌት ሲቆም ክብደት ወደፊት ይሄዳል፤ የኋላው ጎማ ይቀልና መሬቱን የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። የቱንም ያህል ጠንካራ እግር ቢኖር፣ ጎማው መሬቱን ካልያዘ የሚያቆም ኃይል የለም። በደረቅ መንገድ በፊት ጎማ ፍሬን የሚገኘው የማቆም ኃይል በኋላው ብቻ ከሚገኘው በግምት እጥፍ ነው። ጥያቄው የነጂ ችሎታ አይደለም፤ የፊዚክስ ነው።

በየካቲት 2016 ለንደን ውስጥ የተፈጠረው አደጋ ይህን ክርክር ከብስክሌተኞች ክበብ አውጥቶታል። የፊት ፍሬን በሌለው ፊክሲ ይጓዝ የነበረ የ18 ዓመት ወጣት መንገድ ስታቋርጥ የነበረችን የ44 ዓመት ሴት ገጨ። የሁለት ልጆች እናት የነበረችው ሴት በደረሰባት የጭንቅላት ጉዳት ከቀናት በኋላ ሞተች። ወጣቱ በሰው መግደል ከቀረበበት ክስ በነጻ ቢሰናበትም፣ በ1861 በወጣ ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ የ18 ወራት እስራት ተፈርዶበታል። ሕጉ በፈረስ ጋሪ ዘመን በግዴለሽነትና በቁጣ ለሚነዱ ሰዎች የወጣ ነበር። ዐቃቤ ሕግ ለብስክሌተኛ የሚሆን ድንጋጌ ፍለጋ እስከዚያ ድረስ ወደኋላ መሄዱ፣ የሕግ ማሻሻያ ጥያቄን አስነስቷል።

የብሪታንያ ደንብ ፊክሲን አይከለክልም። የተሳሰረውን የኋላ ጎማ እንደ አንድ ፍሬን ይቆጥረዋል፤ በፊት ጎማ ላይ ግን ፍሬን እንዲኖር ያዛል። ጀርመን ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፍሬኖችን ትጠይቃለች፤ በ2009 የበርሊን ፖሊስ ፍሬን አልባ ፊክሲዎችን እየያዘ ወርሷል። የኬሪን አገር ጃፓንም የበለጠ ጥብቅ ናት፤ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ብስክሌት ፍሬን ከተያዘበት ቅጽበት ጀምሮ በ3 ሜትር ውስጥ መቆም እንዲችል፣ ለሁለቱም ጎማ ፍሬን እንዲኖረው ታዛለች። ማኅተም ያለበት የኬሪን ብስክሌት ከመሙ በር እንደወጣ ሕገ ወጥ ነው ማለት ነው።

በከፍታዎቹ አገር

በአፍሪካ ቀንድ የብስክሌት ፍቅር ሥር የሰደደባት ከተማ አስመራ ናት። ‘ጂሮ ዲ ኤሪትሪያ’ የተሰኘው ውድድር በ1946 ተጀምሯል። ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በ2024 ቱር ደ ፍራንስ ሦስት ምዕራፎችን አሸንፎ የአረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። ይህ ግን የመንገድ ውድድር ባህል ነው፤ ብስክሌቱም ብዙ ማርሽና ሁለት ፍሬን ያለው ነው።

መልክዓ ምድሩ ሌላ ምርጫ አይሰጥም። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው አስመራ እስከ ምጽዋ ያለው ቁልቁለት 115 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ48 ለ17 ምጣኔ ፊክሲ የሚወርድ ሰው እግሩን ከ19 ሺህ ጊዜ በላይ ማዞር ይኖርበታል፤ አንዷንም ማለፍ አይችልም። የእንጦጦን ቁልቁለት የሚያውቅ የአዲስ አበባ ብስክሌተኛም ስሌቱ አይጠፋውም።

እንዲህ ባለ አገር ፊክሲ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ከፊት ያለውን ጥርስ ከ48 ዝቅ ማድረጉ አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን የፊቱን ጎማ የያዘውን ሹካ አናት ማየት አለበት። ለመም ብቻ የተሠራ ሹካ ብዙ ጊዜ የፍሬን መግጠሚያ ቀዳዳ የለውም፤ ስሱን ብረት በኋላ መብሳትም ያዳክመዋል። በልክ የሚያሠራ ደንበኛን ጠንቃቃ ሠሪ ቱቦውን ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። በድሮዎቹ የመንገድ ብስክሌቶች ላይ ቀዳዳው ገና ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ አለ።